ጣቷን ከገጹ ሳታወጣ

አክስቴ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ገበያውን ጭር ባደረገበት ሰዓት፣ ዱካ ስባ አስቀመጠችኝና ስልኳን እጄ ላይ አድርጋ «አቦ፣ ይሄ ነገርህ ወደ ኋላ ስል ያባርረኛል» አለችኝ።

«ይሄ ነገርህ» ያለችው የሠራሁላትን የዱቤ መዝገብ ነው። እኔና ሁለት ጓደኞቼ በጃቫስክሪፕት የራሳችንን ትንሽ ፍሬምወርክ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚቆሙበትን መነሻ ኮድ) መጻፍ ከጀመርን ወራት አልፈው ነበር፤ የአክስቴ መዝገብ በእሱ ላይ የቆመ የመጀመሪያው እውነተኛ ሥራ ነው። ራውተሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ራውተር ስል ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ሳጥን ማለቴ አይደለም። ሰው አንድ ሊንክ ሲነካ ገጹ ከሰርቨር (ገጹን ከሚልከው ሩቅ ኮምፒውተር) እንደ አዲስ ሳይጫን፣ እዚያው ስልኩ ላይ ምን እንደሚታይ የሚወስነውን ኮድ ነው።

«ያባርረኛል ስትዪ እንዴት?» አልኳት። (ድሬ ላይ አክስትን አንቺ ማለት ነውር የለውም፤ አንቱ ብላት ነው የምትቀየመኝ።)

«ቆይ ላሳይህ።»

አዲስ ዱቤ የሚመዘገብበትን ገጽ ከፈተች። የደንበኛዋን ስም መረጠች፣ «ሽቲ» ብላ ጻፈች፣ ሜትሩ ላይ 4 አስገባች። ከዚያ ደንበኛዋ አጠገቧ ቆማ የምትጠይቃት ይመስል «የድሮው ስንት ቀረብኝ?» አለችና የደንበኛዋን ስም ነካች። የቆየው ሂሳብ ወጣ፤ አየችው። ቀጥላ ከስልኩ ግርጌ ያለችውን ሦስት ማዕዘን፣ መመለሻዋን፣ ተጫነች። መዝገቡ ከነጭራሹ ጠፋ። የቀረው የልጅ ልጇ ፎቶ ያለበት የስልኩ ፊት ነው። የጻፈችውም አብሮ ሄደ።

«አየህ?» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከጠረጴዛው ሥር ደብተሯን አወጣች። ጀርባው ላይ የማባዛት ሠንጠረዥ ያለበት፣ ጠርዙ የተጠቀለለ ደብተር ነው። የዛሬውን ገጽ ገለጠች። የግራ አውራ ጣቷን እዚያው ገጽ ውስጥ ሰክታ በቀኝ እጇ ወደ ኋላ ገለጠች፤ የዚያችን ደንበኛ የቆየ ሂሳብ አገኘች፤ አነበበች። እጇን ስትለቀው ደብተሩ ተመልሶ ጣቷ ላይ ገጠመ፤ ዛሬ ላይ ናት። ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ ነው።

«ይሄ ጣቴን ይዞ ይጠብቀኛል» አለችኝ።

ያቺ አውራ ጣት ለሳምንታት ከዓይኔ አልጠፋችም።

## ደብተሩ ለምን ስልክ ውስጥ ገባ

አክስቴ ወደ ስልክ የመጣችው ዘመናዊ ልሁን ብላ አይደለም። ሐምሌ 1998 የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ የመጣበትን ጊዜ ድሬ የነበረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ከ200 በላይ ሰው የወሰደ ጎርፍ ነው። አክስቴ ነፍሷን አተረፈች፤ ደብተሯን ውሃው ወሰደው። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ደንበኞቿ ራሳቸው እየመጡ «ይህን ያህል ነበረብኝ» ብለው ነግረዋታል። ያልመጡትን አልጠየቀችም፤ ማን ምን እንደደረሰበት በማይታወቅበት ሰሞን ዕዳ አይጠየቅም ትላለች። ስለዚህ «መዝገቤ ሌላ ቦታም ይቀመጥልኝ» ስትለኝ ወዲያው ገብቶኛል። ያልገባኝ፣ ደብተሩ ሲያደርግላት የኖረውን ሁሉ ሳላጎድል ማሻገር እንዳለብኝ ነው።

ፍሬምወርክ ሞልቶ ተርፎ አዲስ መጻፍ ለምን አስፈለገ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። የአክስቴ ስልክ አሮጌ ነው፤ ዳታ የምትገዛውም በሜጋባይት ቆጥራ ነው። የሚጫነው ኮድ ትንሽ እንዲሆን፣ ሦስታችንም እያንዳንዱን መስመር እንድናውቀው ፈለግን። አሁንም አልጸጸትም። ነገር ግን የራስህን ስትጽፍ፣ ሌላው ሰው ዓመታት አስቦበት የደበቀልህ ሥራ ሁሉ እጅህ ላይ ይወድቃል።

ተራ ድረ ገጽ ላይ ብራውዘሩ ይህን ሥራ ሳይነገረው ይሠራዋል። አድራሻው ይቀየራል፣ የመጣህበት ይመዘገባል፣ መመለሻውን ስትነካ ወደ ነበርክበት ገጽ፣ ብዙ ጊዜም ገጹ ላይ ወደ ነበርክበት መስመር ይመልስሃል። እኛ «ገጹ እንደ አዲስ አይጫን፤ እኔ እለውጠዋለሁ» ስንል ይህን ሁሉ ከእጁ ተቀበልነው። የመጀመሪያው ራውተሬ ሊንክ ሲነካ ያዳምጣል፣ በስክሪኑ ላይ ያለውን ነቅሎ ሌላ ይተክላል፤ በቃ። አድራሻው ንቅንቅ አይልም። ለብራውዘሩ አክስቴ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ገጽ ላይ ነች። ተመለስ ስትለው ከዚያ ገጽ በፊት ወደነበረው፣ ማለትም ወደ ውጭ አወጣት። እሱ ትክክል ነበር። ያባረርኳት እኔ ነኝ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። መመለሻዋ የስልኩ ባለቤት አጥር ናት። ልንቃት አስቤ አይደለም፤ አጥሩ ግን ተነቅንቋል።

## እርምጃ የቱ ነው?

መፍትሔው መጀመሪያ ላይ ቀላል መሰለኝ። ብራውዘሮች እ.ኤ.አ. ከ2010 ገደማ ጀምሮ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አላቸው። ፑሽስቴት ገጹን ሳይጭን በብራውዘሩ ታሪክ፣ ማለትም በመጣህባቸው ገጾች መዝገብ ላይ፣ አዲስ አድራሻ ይጨምራል። ሪፕሌስስቴት አዲስ ሳይጨምር ያለውን አድራሻ እዚያው ይለውጣል። ፖፕስቴት ደግሞ ሰውየው ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ሲሄድ የሚነግርህ ጥሪ ነው። ግማሽ ቀን የፈጀብኝ፣ ፑሽስቴትን ራሴ ስጠራ ፖፕስቴት ይመጣል ብዬ መጠበቄ ነው። አይመጣም። ቆይቼ ሳስበው ተገቢ ነው፤ አንተ ያደረግከውን አንተ ታውቀዋለህ፣ ጥሪው የሚመጣው ሰውየው በራሱ ፈቃድ ሲንቀሳቀስ ነው።

ይህን ጨርሼ ስልኳ ላይ ጫንኩላት። ስም ነካች፣ የቆየውን ሂሳብ አየች፣ መመለሻዋን ተጫነች፤ ተመለሰች። ደስ ብሎኝ ቀና ስል እሷ ስክሪኑን እያየች ዝም ብላለች። ቅጹ ባዶ ነበር። ሽቲውም፣ 4 ሜትሩም የለም።

«ጣቴስ?» አለችኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ደቻቱን የተሻገርኩት በእግሬ ነው፤ አሸዋው እንደ ወትሮው ደርቋል። እየሄድኩ የማስበው ስለዚያ ጥያቄ ነበር። ወደ ገጹ መመለስ አንድ ነገር ነው፤ ትቼው ወደ ሄድኩት ሥራ መመለስ ሌላ ነው። እኔ አድራሻውን መለስኩላት፤ ሥራዋን ግን አልመለስኩም። እንደ እድል ሆኖ በታሪኩ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቦታ ትንሽ መረጃ መሸከም ይችላል። ቅጹን ለቃ ከመሄዷ በፊት የጻፈችውን በሪፕሌስስቴት እዚያው ቦታ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ስትመለስ ፖፕስቴት ይዞልኝ ይመጣል። ገጹን እንደ አዲስ ብትጭነው እንኳ አይጠፋም። ያ መረጃ ለእኔ አውራ ጣቷ ነው። ኮዱ ውስጥ ይህን መረጃ የሚይዘውን ተለዋዋጭ «ጣት» ብዬ ልሰይመው ፈልጌ ጓደኞቼ ሌላ አንባቢ ግራ ይጋባል ብለው ከለከሉኝ፤ ከአጠገቡ ግን በአማርኛ ማስታወሻ ጽፌበታለሁ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጥያቄ ከሁሉም ያከራከረን ነው፤ እርምጃ የሚባለው የቱ ነው? ደንበኛ ስትፈልግ የምትጽፈው ስም አድራሻው ላይ እንዲታይ አድርጌ ነበር፤ ሊንኩን ለልጇ ብትልክላት ያው ዝርዝር እንዲከፈት። ነገር ግን በእያንዳንዱ ፊደል ፑሽስቴት ስለምጠራ፣ አምስት ፊደል ከጻፈች ለመውጣት አምስት ጊዜ መመለስ አለባት። ለእሷ ያ ሁሉ አንድ ፍለጋ ነው። ስለዚህ ፊደል ሲጨመር አድራሻው ይተካል፤ የደንበኛ ገጽ ሲከፈት ይጨመራል። ዱቤው ከተመዘገበ በኋላ ደግሞ የቅጹ አድራሻ በማረጋገጫው ይተካል፤ አለዚያ ስትመለስ የተሞላውን ቅጽ አግኝታ ያንኑ 4 ሜትር ሁለት ጊዜ ልትጽፍበት ነው።

ስክሪኑን ሸፍኖ በሚወጣው ትንሽ መስኮት ላይ ከአንዱ ጓደኛዬ ጋር ሁለት ቀን ተከራከርን። እሱ መስኮት ገጽ አይደለም፣ ስለዚህ እርምጃ አይደለም ባይ ነው። እኔ ግን አክስቴን አይቻለሁ፤ የሆነ ነገር ስክሪኑን ሲሸፍንባት እጇ በቀጥታ ወደ ሦስት ማዕዘኗ ነው የሚሄደው፤ ጥጉ ላይ ያለችውን የመዝጊያ ምልክት አታያትም። እጅ የሚሄድበትን መከተል አለብን ብዬ ጸናሁ፤ ዛሬም በዚያው ነኝ። «ሳትጨርስ እንዳትወጣ መመለሻውን የሚያግድ ነገር እንጨምር» ሲባልም እምቢ አልኩ። የጻፈችው የማይጠፋ ከሆነ ለምን ትታገዳለች? መውጣት መብቷ ነው።

በዚሁ ሰሞን ያስተካከልኩት ሌላም ነገር አለ። ሊንክ ሲነካ ሁሉንም መያዝ የለብኝም። ሰውየው ኮንትሮል ይዞ ከነካ ወይም የማውሱን መሐል ቁልፍ ከተጫነ በአዲስ ታብ ልክፈተው ማለቱ ነው፤ የሚወርድ ፋይል ከሆነ ወይም ወደ ሌላ ድረ ገጽ የሚሄድ ከሆነም ለብራውዘሩ መተው ነው። ጥቂት መስመር ኮድ ነው፤ ሳይጻፍ ሲቀር ግን ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሰው እጁ የታሰረ ይመስለዋል።

## ዘግይቶ የመጣው መልስ

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ስህተት የታየው አመሻሽ ላይ፣ ኔትወርክ በሚከብድበት ሰዓት ነው። አክስቴ የአንዷን ደንበኛ ስም ነካች። ምንም አልመጣም። የተሳሳተ ስም መንካቷን አይታ ከሥሩ ያለውን ነካች። የሁለተኛዋ ሂሳብ መጣ፤ ጥቂት ቆይቶ የመጀመሪያዋ መልስ ተጎትቶ ደረሰና በላዩ ላይ ተጻፈበት። እኔ ደግሞ ከላይ ያለውን ስም ከአድራሻው፣ ዕዳውን ከመልሱ ነበር የማነበው። ስክሪኑ ላይ የአንዷ ስም ከሌላዋ ዕዳ ጋር ቆመ።

300 ብር የቀረባትን ሴት 1,200 አለቻት።

ሴትየዋ ክው አለች። አክስቴ ፊቷን አይታ ደብተሯን ገለጠች፤ ይቅርታ ጠየቀች፤ ነገሩ እዚያው አለቀ። ማታ ስትነግረኝ ግን የገንዘቡን ጉዳይ ብዙም አላነሳችም። «ሰው ፊት አፈረች» ነው ያለችኝ። ዱቤ የሚሰጠው በእምነት ነው፤ ሰው ፊት የሌለባትን ዕዳ የተጠራባት ደንበኛ ነገ በሌላ ሱቅ በኩል ብታልፍ ማን ይፈርድባታል? ፈጣን እንዲሆን ጓጉቼ መልስ እንደደረሰ ወዲያው እንዲታይ ያደረግኩት እኔ ነኝ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ።

አሁን ከገጽ ወደ ገጽ የሚደረግ እያንዳንዱ ጉዞ ተራ ቁጥር አለው። መልስ ሲመጣ ቁጥሩ ካለንበት ጉዞ ጋር ካልተስማማ ይጣላል። አዲስ ጉዞ ሲጀመርም የቀድሞው ጥያቄ አቦርትኮንትሮለር በሚባለው የብራውዘሩ ማቋረጫ ይቋረጣል፤ ለማይፈለግ መልስ ዳታዋ አያልቅም። አድራሻው መቼ ይቀየር በሚለውም አስቤበታለሁ፤ መልሱ ሲደርስ ወይስ እንደተነካ? እንደተነካ ይቀየር፣ ስሙም «እየመጣ ነው» ከሚል ጽሑፍ ጋር ወዲያው ይታይ አልኩ። ኔትወርክ ሲከብድ ሰውን ደጋግሞ እንዲነካ የሚያደርገው የመጀመሪያው ንክኪ መሰማቱን አለማወቁ ነው።

ማየት የተሳነው ጓደኛዬ ሲሞክረው ደግሞ ሌላ ጉድለት አገኘ። ገጹ ሲቀየር ስልኩ የሚያነብለት ነገር የለም፤ ለእሱ ምንም አልተፈጠረም። አሁን በእያንዳንዱ ጉዞ የገጹ ርዕስ ይቀየራል፤ ፎከሱም (ስልኩ ማንበብ የሚጀምርበት ቦታ) ወደ አዲሱ ገጽ ዋና ርዕስ ይሄዳል። ብራውዘሩ ገጽ ሲጭን ይህንንም ዝም ብሎ ይሠራው ነበር።

## ሐረር በየትኛው ሀ

አክስቴ ከሐረርም ከጅጅጋም ደንበኞች አሏት። በየከተማው ለይታ እንድታያቸው አድራሻውን በአማርኛ አደረግኩት፤ ደንበኞች፣ ከዚያ ሰያፍ መስመር፣ ከዚያ ሐረር። ራውተሩ አላወቀውም። ምክንያቱም ብራውዘሩ አድራሻውን የሚሰጥህ ተቀይሮ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የኮምፒውተር ፊደል አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ምልክቶች ይጻፋል። ሦስት ፊደል የሆነችው ሐረር 27 ምልክት ሆና ትመጣለች። መጀመሪያ አድራሻውን በሰያፍ መስመሩ መቁረጥ፣ ከዚያ ቁራጩን ሁሉ ለየብቻ ወደ ፊደል መመለስ ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ስም ውስጥ የገባ ሰያፍ መስመር አድራሻውን ይሰብረዋል። ብቻውን የቆመ የፐርሰንት ምልክት ካለበት ደግሞ ወደ ፊደል የሚመልሰው ተግባር ስህተት ይወረውራል፤ «20% ቅናሽ» የሚል ፍለጋ በእጅ አድራሻው ላይ ተጽፎ ራውተሬን በሙሉ አቁሞት ያውቃል። አሁን እንዲህ ያለው ሲያጋጥም ቁራጩ እንዳለ ይወሰዳል።

ሊንኩን ለልጇ በቴሌግራም ስትልክላትም ሌላ ነገር ተማርኩ። ሲከፈት 404፣ ማለትም «ገጹ አልተገኘም»፣ አለ። ያ አድራሻ ያለው ስልኩ ላይ ባለው ኮድ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ እንደዚህ ያለ ፋይል አያውቅም። ሰርቨሩን ፋይል ያላገኘለትን የገጽ አድራሻ ሁሉ ወደ መጀመሪያው የኤችቲኤምኤል ገጽ እንዲመራ አደረግኩት።

ልጇ ግን ሐረርን ሀረር ብላ ነው የምትጽፈው። ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ግዕዝን እ.ኤ.አ. በ1999 ሲያካትት ለሀ፣ ለሐ እና ለኀ ለየብቻ ቁጥር ሰጥቷል፤ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐም እንዲሁ። ለኮምፒውተሩ እናትና ልጅ የሁለት ከተማ ደንበኛ መዘገቡ። ራውተሩ ውስጥ ሁሉንም ሀ ወደ አንድ ላምጣው ወይ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ተውኩት። ሰው ስሙን በሠ ከጻፈ በሠ ነው፤ መንገድ የሚመራ ኮድ የሰው ስም ላይ ሥልጣን የለውም። ራውተሩ የተጻፈለትን እንዳለ ያስረክባል፤ ፊደሎቹን አቀራርቦ የሚያነጻጽረው የመዝገቡ ፍለጋ ነው። የደንበኛ አድራሻ ደግሞ በመለያ ቁጥሯ ይታወቃል፤ ስሟ ከጎኑ የሚቀመጠው ለሚያነበው ሰው ብቻ ነው።

## ስልሳኛዋ ደንበኛ

የቀረው ረጅሙ ዝርዝር ነበር። አክስቴ ወደ ታች ወደ ታች ሄዳ ስልሳኛዋን ደንበኛ ትከፍታለች፣ ትመለሳለች፤ ዝርዝሩ ከመጀመሪያዋ ይጀምርባታል። በየቦታው የነበረችበትን ከፍታ መዝግቤ ስትመለስ ወዲያው ወደዚያ ብወስዳትም አልሠራም። ዝርዝሩ ገና ከሰርቨር አልደረሰም፤ ገጹ አጭር ነው፤ ወደሌለ ቦታ መውረድ አይቻልም። ስለዚህ ራውተሩ ዝርዝሩ እስኪሞላ ይጠብቅና ከዚያ ይወስዳታል። በመሐል እሷ ራሷ በጣቷ መውረድ ከጀመረች ግን ይተዋታል፤ ከሰው ጣት ጋር መጓተት የለበትም።

እሱን የጫንኩላት ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሱቋ ሞልቷል፤ እኔ ደጅ ቆሜያለሁ። አንዲት ደንበኛ አቡጀዲ እያስለካች ነው። አክስቴ ስልኩን ጨርቁ ላይ አስቀምጣ ቅጹን ጀመረች። ሴትየዋ የቆየውን ጠየቀቻት። ስሟን ነካች፣ ሂሳቡን አነበበችላት፣ ዓይኗን ከሴትየዋ ሳትነቅል ሦስት ማዕዘኗን ተጫነች። ስክሪኑ ላይ «አቡጀዲ» ይላል፤ ሜትሩ ገና ባዶ ነው፤ ጠቋሚው እዚያው ይርገበገባል።

«ስንት ሜትር አልሽኝ?» አለቻት፤ መቀሱን አነሳች።